የሥራ ላይ አደጋን እንዴት እንመዘግባለን? እስከ መጨረሻውስ እንዴት እንከታተላለን?

ሳይት ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል። አንዱን ሚስማር ወጋው፣ ሌላው ከመወጣጫው ተንሸራተተ። «እግዜር አተረፈው» ተብሎ ሥራው ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል። ይህን ለማስቆም አንድ ደብተርና ደብተሩን የምር የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ምሳሌዬ ግንባታ ቢሆንም አሠራሩ ለፋብሪካም ለጋራዥም ያው ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን። የመጀመሪያ እርዳታ ስጡና ቶሎ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም አድርሱት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ማሽኑን አጥፉ፣ አካባቢውን በገመድ ዝጉ። ፎቶ ሳታነሱ ግን ቦታውን አትጥረጉ።

ወዲያው ለፎርማኑ ወይም ለሴፍቲው (ለደህንነት ኃላፊው) ንገሩ። ስልክ ይበቃል። አዋጁ ሠራተኛውም የመሣሪያ ብልሽት ወይም አደጋ ሲያይ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ስለዚህ መናገር ማሳበቅ አይደለም። የአደጋው ሪፖርት በዚያው ቀን ተጽፎ ይጠናቀቅ። ካደረ ወሬው ይለዋወጣል።

ምን ይጻፍ? መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ሠራተኛዋ በጥንቃቄ ጉድለት ወድቃ ተጎዳች» ይባልና ይፈረማል። ከዚህ ምን ይገኛል? እንዲህ ቢሆንስ፦

«ማክሰኞ ከጠዋቱ 4:20፣ ከ1ኛ ወደ 2ኛ ፎቅ በሚያወጣው የባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ። ሁለት ሠራተኞች አሸዋ በባሬላ ሲያወጡ አንዱ መርገጫ እንጨት ተነቀለ። ከኋላ የነበረችው ወደ ጎን ወደቀች፤ ግራ ክንዷ አብጧል። እንጨቱ የተመታው በአንድ ሚስማር ብቻ ነበር። ሌሊት ዘንቧል። መወጣጫው የእጅ መደገፊያ የለውም። አናጺውና አንድ የቀን ሠራተኛ አይተዋል።»

አሁን ምን መሠራት እንዳለበት ከጽሑፉ ራሱ ይታያል። ሰዓቱ ላይ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ማለት አትርሱ፤ የሐኪም ቤት ወረቀት በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ ከመጣ ነገሩ ይምታታል።

ከዚያ «ማን አጠፋ?» ትታችሁ «ለምን?» በሉ። እንጨቱ ለምን ተነቀለ? በአንድ ሚስማር ስለተመታ። ለምን በአንድ? ሚስማር አልቆ ነበር። ለምን አለቀ? ግዥ የሚጠየቀው ካለቀ በኋላ ስለሆነ። ስለዚህ መስተካከል ያለበት ስቶሩ ጋ ነው። አናጺውን ብትቀጡት ቀጣዩም አናጺ ሚስማር ያጣል።

ማንም ያልተጎዳበትም ይመዝገብ። ከ3ኛ ፎቅ የወደቀ መዶሻ ሰው አጠገብ ቢያርፍ ተስቆ ይታለፋል። እኔ ግን ከመዝገቡ ሁሉ ውዱ ይሄ ነው እላለሁ፤ ማንም ሳይደማ የተገኘ ማስጠንቀቂያ ነውና። የተናገረ ሰው ደሞዝ የሚቆረጥበት ሳይት ላይ ግን ይህን የሚናገር አታገኙም። መዝገቡ ባዶ ስለሆነ ሳይቱ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ክትትሉ ላይ ኤክሴል ካለ ጥሩ፣ ከሌለ የተሰመረ ደብተር ይበቃል። ዓምዶቹ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ምን ሆነ፣ ምን ይስተካከል፣ በማን፣ እስከ መቼ፣ ማን አይቶ ዘጋው። የመጨረሻው ላይ ድርቅ በሉ። ያስተካከለው ሰው ራሱ «ተስተካክሏል» ብሎ መዝጋት የለበትም። ሌላ ሰው ሄዶ መርገጫውን በዓይኑ ይይ፣ ሚስማሩን ይቁጠር። በየሳምንቱ ያልተዘጉትን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንድ ቦታ ሁለቴ ከመጣ ያለፈው መፍትሔ አልሠራም ማለት ነው።

አሠሪው ጉዳቱን መመዝገብ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት (የሥራ ቦታዎችን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል) ማሳወቅም አለበት። ከሥራ የሚመጣ በሽታም ይካተታል። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የደረሰ ጉዳትም እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

የተጎዳችሁ እናንተ ከሆናችሁ የሪፖርቱን ኮፒና የሐኪም ወረቀቱን ያዙ። መሥራት ካልቻላችሁ በአዋጁ መሠረት የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላችኋል። ኮፒ አንሰጥም ከተባላችሁ የተፈረመበትን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ሪፖርት ጭራሽ ካልተጻፈም ራሳችሁ ጽፋችሁ በሁለት ኮፒ አስገቡና አንዱ ላይ «ደርሶኛል» አስብላችሁ አስፈርሙ።