የሲቲ ስካን ሪፖርቱና የሰርጅኑ ወረቀት ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ

ሲቲ ስካኑ "ትንሽ መግል ቋጥሯል" ብሎ፣ ሰርጅኑ ሲከፍት ግን መግሉ ሆድ ዕቃውን አዳርሶት ይገኛል። ዳይቨርቲኩላይተስ የሚባል የአንጀት በሽታ ይዞት ቀዶ ሕክምና የገባ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?" ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ማንም አልተሳሳተም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡና እንዲህ አንብቧቸው።

በሽታው በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ የወጡ ትናንሽ ከረጢቶች ሲቆጡ የሚመጣ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በብዛት የሚያጠቃው ሲግሞይድ የሚባለውን፣ በግራ ታችኛው ሆድ በኩል ያለውን ክፍል ነው።

አሁን ሁለት ጥያቄዎችን ለዩ። የመጀመሪያው "በሽታው አለ ወይ?" የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሲቲ በጣም ጎበዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ ሥራ እንዳሳየው በሽታው ካለባቸው ሰዎች 94 በመቶ ያህሉን ያገኛል፣ ከሌለባቸው ደግሞ 99 በመቶ ያህሉን በትክክል "የለም" ይላል። ስለዚህ ሪፖርቱ "ዳይቨርቲኩላይተስ" ካለ በአብዛኛው እመኑት።

ሁለተኛው "ምን ያህል ተስፋፍቷል?" የሚለው ነው፤ ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ነው። ሰርጅኖች የሚጠቀሙበት የሂንቺ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ነው። 1 ማለት መግሉ አንጀቱ አጠገብ ተቋጥሯል፣ 2 ማለት ወደ ዳሌ ወይም ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዷል፣ 3 ማለት መግሉ ሆድ ዕቃ ውስጥ ፈስሷል፣ 4 ማለት ሰገራ ፈስሷል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ 3 እና 4 የሚለዩት ሰርጅኑ በዓይኑ አይቶ ነው። ሲቲ ላይ ግን መግልም ሆነ በሰገራ የተበከለ ፈሳሽ ያው ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። ራዲዮሎጂስቱ (ምስሉን የሚያነበው ሐኪም) ከአንጀት ውጭ የወጣ አየር፣ የግድግዳ ቀዳዳ ወይም ወጥቶ የሚታይ ሰገራ ካገኘ ይገምታል፣ ካላገኘ "ፈሳሽ አለ" ብሎ ያልፋል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ሲቲው ደረጃውን በትክክል የገመተው እንደየደረጃው ከ71 እስከ 92 በመቶ ነው ይላል፤ ብዙ ያሳሳተው ደግሞ ደረጃ 3 ነበር።

ቀጥሎ ሰዓቱን እዩ። ሲቲው መቼ ተነሳ? ቀዶው መቼ ተጀመረ? የተቋጠረ መግል በመካከሉ ሊፈነዳ ይችላል፣ ያኔ ሁለቱም ወረቀቶች ልክ ናቸው። ሰውየው ሲቲ ከተነሳ በኋላ ሕመሙ ከበረታበት፣ ሆዱ ድንጋይ ከሆነ ወይም ትኩሳቱ ከጨመረ "ሲቲው ደህና ነው ብሏል" ብላችሁ አትጠብቁ። ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ።

ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) በደም ሥር ተሰጥቶ እንደሆነም እዩ። ሳይሰጥ የተነሳ ምስል ላይ መግሉን ከአንጀት መለየት ይከብዳል። ሌላው የሰውየው ቅጥነት ነው። ስብ ምስሉ ላይ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ በቁጣው ምክንያት ጭረት ጭረት ሲል ቶሎ ያስታውቃል። ሆዱ ውስጥ ስብ የሌለው ቀጭን ሰው ላይ ግን ይህ ምልክት ይደበዝዛል።

ስለ ጥናቶቹ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያስበው። ሲቲን ከቀዶ ግኝት ጋር የሚያወዳድሩ ቁጥሮች የሚመጡት ከተከፈቱ ሰዎች ብቻ ነው። በመድኃኒት ድኖ ወደ ቤቱ የሄደውን ማንም ከፍቶ አላየውም። ስለዚህ "ሲቲ ይሄን ያህል ይሳሳታል" የሚል ቁጥር ስታዩ የሚናገረው ስለ ከባዶቹ ሕመምተኞች መሆኑን አስታውሱ፣ ሕመሙ ለቀለለባችሁ አይሠራም።

ቀዶው ገና ካልተደረገ ከመፈረማችሁ በፊት ሰርጅኑን በቀጥታ ጠይቁት፦ "ስትገቡ ሲቲው ካለው የባሰ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ሰገራ በሆድ በኩል የሚወጣበት ከረጢት ሊደረግለት ይችላል?" የሚያገኙት መግል ይሁን ሰገራ ቀዶውን ራሱን ሊቀይረው ስለሚችል መልሱን አስቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል። ሕመምተኛው ሲነቃ ሆዱ ላይ ከረጢት አይቶ መደንገጡ በጣም ከባድ ነው።

በመጨረሻ የፓቶሎጂ ውጤቱን (የተቆረጠው አንጀት በላቦራቶሪ የተመረመረበትን) ሳትቀበሉ ፋይሉን አትዝጉ። የአንጀት ካንሰር ሲቲ ላይ ዳይቨርቲኩላይተስ ሊመስል ይችላል፣ አንዳንዴ ሰርጅኑም በዓይኑ አይለየውም። አንጀቱ ካልተቆረጠና ሰውየው በመድኃኒት ከዳነ፣ በተለይ መግል ቋጥሮ ወይም ተበስቶ ከነበረ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ከውስጥ ማየት) እንዲደረግለት ጠይቁ፣ ቀጠሮውንም ከሆስፒታል ሳትወጡ አስይዙ።