በሆስፒታል ውስጥ ናሙና፣ ደምና ኦክስጅን ሲመላለስ የሚሠሩ ስህተቶች

ከተኝቶ ሕክምና ክፍል እስከ ላብራቶሪ በእግር ቢሄዱ ብዙ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ናሙናው ግን ከተቀዳ ከሰዓት ተኩል በኋላ ይደርሳል። ያ ሁሉ ጊዜ የሚያልቀው ጠረጴዛ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ነርሶቹ ጋ ተላላኪ ሲጠበቅ፣ ቀጥሎ ላብራቶሪው መስኮት ላይ ተረካቢ ሲጠበቅ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ እዚያው ርክክቡ ላይ የሚሠሩ ናቸው።

ሳይለኩ ተላላኪ መጨመር

ቅሬታ ሲበዛ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ሰው ይጨመርልን» ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት 50 ናሙናዎችን ይከታተሉ። በየሪኩዌስቱ (የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቱ) ጀርባ አራት ጊዜ ሰዓት ይጻፍ፦ ሲቀዳ፣ ተላላኪው ሲያነሣው፣ ላብራቶሪ ሲረከበው፣ ማሽን ላይ ሲገባ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ከሰፋ ችግሩ አጠራሩ ላይ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ከሰፋ መንገዱ ወይም ሊፍቱ ነው። የመጨረሻው ከሰፋ ግን ጉዳዩ የላብራቶሪው ነው፤ ተላላኪ ቢጨመር ወረፋውን ከማርዘም ሌላ የሚፈይደው የለም።

ውጤቱን ሲያዩ በአማካይ አይታለሉ። 45ቱ በ20 ደቂቃ ደርሰው አምስቱ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢቆዩ አማካዩ 36 ደቂቃ ይሆናል፤ ለሪፖርት ያምራል። ሐኪሙ የሚጮኸው ግን በአምስቱ ነው። ስለዚህ ከ10 ዘጠኙ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደደረሱ ይቁጠሩ፤ የዘገዩትንም አንድ በአንድ ይከተሉ።

ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አለመለየት

ይህ የእኛው አገር ችግር ነው፤ ብዙም ሲወራበት አይሰማም። ነርሷ ጠዋት የቀዳችው ናሙና ላይ «2፡30» ትጽፋለች። የላብራቶሪው ማሽንና ኮምፒውተር በፈረንጅ ሰዓት ይሠራሉ። ናሙናው ተረስቶ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ ማሽኑ 15፡00 ሲል፣ ይደርሳል። ተረካቢው «2፡30»ን በፈረንጅ አንብቦ የግማሽ ሰዓት ናሙና መሰለው፤ እውነቱ ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው።

ይህ በውጤቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ በስኳር ማየት ይቻላል። ተራ ቱቦ ውስጥ ያለ፣ ሴረሙ (ደሙ ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ያልተለየ ደም በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ስኳሩን ያጣል፤ ሴሎቹ ይበሉታልና። 110 የነበረው በሦስት ሰዓት ወደ 90 ገደማ ይወርዳል፤ በስድስት ሰዓት ተኩል ደግሞ ከ75 ቢያንስ አይገርምም። ታካሚው ምንም ሳይሆን ስኳሩ የወረደ ይመስላል። መፍትሔው ወጪ የለውም፦ ሆስፒታሉ በሙሉ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ይጻፍ፣ በየዋርዱ ያለው የግድግዳ ሰዓትም ከማሽኑ ጋር ይስተካከል።

ናሙናውን ለአስታማሚ ማስያዝ

ተላላኪ ሲጠፋ «እንካ ወንድሜ፣ ላብራቶሪ አድርስልኝ» ማለት ቀላል ነው። አስታማሚው መንገዱን አያውቅም፣ ቱቦውን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ይሰለፋል። ቢሰበርበት ምን እንደሚያደርግ የነገረው የለም። ማን ተቀበለ፣ መቼ ደረሰ የሚልም መዝገብ አይኖርም። ደም ከሆነ ደግሞ በጭራሽ አይሰጠውም። የደም ከረጢት ሲወጣ ሰጪውና ተቀባዩ አብረው የታካሚውን ሙሉ ስም ከነአያት፣ የካርድ ቁጥር፣ የደም ዓይነት፣ የከረጢቱን ቁጥርና የአገልግሎት ጊዜውን አንብበው መፈረም አለባቸው። በስም ብቻ መተማመን እዚህ አገር ያስቀጣል፤ አንድ ዋርድ ውስጥ ሁለት ፋጡማ አህመድ መኖራቸው ብርቅ አይደለም።

ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ

«ተላላኪ እስኪመጣ ፍሪጅ ይግባ» የሚለው ልማድ ከመዘግየቱ በላይ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ለኤሌክትሮላይት (እንደ ሶዲየምና ፖታሺየም ላሉ ጨዎች ምርመራ) የተቀዳ፣ ገና ያልተለየ ደም ሲቀዘቅዝ ፖታሺየም ከሴሎቹ ይወጣል፤ ሴረሙ ሳይቀላ ውጤቱ ከፍ ይላል። ለካልቸር (ባክቴሪያ ለማሳደግ) የተቀዳ ደም እና ሲኤስኤፍ (ከጀርባ አጥንት የሚቀዳው የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ) ፍሪጅ አይገቡም፤ ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ቅዝቃዜ አይችሉም፣ ይሞታሉ። ሲኤስኤፍ እንደተቀዳ ወዲያው ይሂድ፤ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይድረስ። ለአሜባ የሚታይ ፈሳሽ ሰገራ በ30 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው አሜባ ቀጥ ይላል። ፍሪጅ የሚጠቅመው በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ ላልቻለ የካልቸር ሽንት ነው።

ደም ራሱን የቻለ ነው። ቀይ ደም የሚቀመጠው ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው የደም ባንክ ፍሪጅ ብቻ ነው፤ የዋርዱ የመድኃኒት ፍሪጅ አይተካውም፤ ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ በረዶ የነካው ደም ይበላሻል። ከወጣ 30 ደቂቃ ያለፈው ወደ ክምችት አይመለስም፤ መስጠት ከተጀመረም በአራት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ታካሚው ሳይዘጋጅና መስመሩ ሳይገባለት ተላላኪ አይላክ። ፕላትሌት (ደም የሚያረጋውን የደም ክፍል) ከበረዶ ጋር ሳጥን ውስጥ የሚከቱም አሉ፤ የሱ ቦታ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ነው።

ሁሉንም «አስቸኳይ» ማለት

ከአስር ሪኩዌስት ስምንቱ ላይ አስቸኳይ ከተጻፈ ተላላኪው አንዱንም አስቸኳይ ብሎ አያነሣም። ለመደበኛው ናሙና በየ30 ደቂቃው የሚዞር ቋሚ ዙር ይኑር፤ በስልክ የሚጠራው ለድንገተኛ ክፍል፣ ለአይሲዩ (ለጽኑ ሕሙማን ክፍል) እና ለቀዶ ሕክምና ክፍል ብቻ ይሁን። ቀይ ከረጢት ለአስቸኳዩ ብቻ ቢመደብ ላብራቶሪው መስኮት ላይም በዓይን ይለያል።

ኦክስጅን ሊያልቅ ሲል መደወል

ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የሲሊንደሩ የውሃ መጠን በሊትር ሲባዛ በጌጁ (የግፊት መለኪያው) ላይ ያለው ባር፣ ማለትም የግፊቱ ቁጥር። 40 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ላይ 6,000 ሊትር ይይዛል፤ በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ 10 ሰዓት ይቆያል። 50 ባር ሲደርስ 2,000 ሊትር ቀርቷል፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ሁለት ታካሚ ከተጋራው 1 ሰዓት ከ40 ነው። «ገና አለ» ብሎ የሚያሳልፈው ሰው የሚረሳው ይህችን ሁለተኛዋን ታካሚ ነው። ስቶር ሄዶ፣ ፈርሞ፣ በጋሪ አስሮ ለማምጣት 40 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ የማዘዣው መስመር 50 ባር ይሁን፤ ጌጁ ላይም በቀይ ፕላስተር ምልክት ይደረግበት። ሲሊንደር በሰንሰለት ሳይታሰር አይገፋ፤ በዘይት ወይም በቅባት የተነካ እጅም ቫልቩን አይክፈት።

ምሳ ሰዓትንና ሊፍትን መርሳት

መዝገቡን ሲገልጡ መዘግየቱ የሚከማችባቸው ሰዓቶች ይታያሉ፦ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ባለው የምሳ ሰዓት፣ ሺፍት በሚቀየርበት ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ ሊፍት በቆመበት ቀን። ተላላኪዎች ምሳ በተራ ይውጡ። ተረካቢ ሳይመጣ ሺፍቱ ቦርሳውን አያስቀምጥ። ለሊፍቱ ደግሞ የደረጃው መንገድ በወረቀት ተሥሎ በር ላይ ይለጠፍ፤ ቱቦዎቹም በመደርደሪያ ቆመው፣ ሪኩዌስቱ በተለየ ኪስ ሆኖ ክዳኑ በሚቆለፍ ሳጥን ይሂዱ። ሳጥኑ ውስጥ የሚያፈስ ነገር ካለ 0.5 በመቶ ክሎሪን ለ10 ደቂቃ ይቆይበት።