ስደተኛ ጎረቤት ሲገባ፦ ከቡና እስከ እድር

አዲስ አበባ ዳር፣ ጀሞም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳም ሆነ የካ አባዶ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ትግርኛና ዓረብኛ መስማት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ኤርትራውያን ድሮም አብረውን ነበሩ። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ሱዳናውያን ተጨመሩ። ሶማሌዎች፣ የመኖችና ኮንጎዎችም አሉ። ከተማ ዳር ኪራይ ቀለል ይላል ብለው ነው የሚመጡት፤ እኛም እኮ ያው ነን።

በጎ አሳቢ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው “የባህል ቀን እናዘጋጅ” ብሎ ነው። እኔ ግን እሱን መጨረሻ ላይ ነው የማደርገው። ስሙን እንኳ የማናውቀውን ሰው አውጥተን ብናስጨፍረው ምን ይጠቅመዋል?

1. ቡና ጥሩ፣ ጥያቄ ቀንሱ

ሰው ገና ቤት ሲገባ “ቤት ለእምቦሳ” ማለት የቆየ ወጋችን ነው። ስደተኛም ከዚህ አይቀርበትም። ዳቦ ያዙና በሩን አንኳኩ፣ ከዚያ ቡና ጥሩ። በተራቸው ሲጠሯችሁ “አትቸገሩ” ብላችሁ አትቅሩ። ሱዳኖች ቡናቸው ላይ ዝንጅብል ጣል ያደርጋሉ፣ ስኳርም አይሰስቱም። ጠጡ!

“ፕሮሰስህ የት ደረሰ?”፣ “መቼ ነው የምትሄዱት?”፣ “ለምን ወጣችሁ?” የሚሉትን ተዉአቸው። ፕሮሰስ፣ ማለትም ወደ ሌላ አገር የመሄጃ ጉዳዩን፣ የሚጠብቅ ሰው ይህን ጥያቄ በቀን ስንቴ እንደሚሰማው አስቡት። ማውራት ከፈለገ እሱ ራሱ ያነሳዋል።

2. ወረቀት ላይ አግዙ

ከብርድ ልብስና ከፓስታ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አብሮ የሚሄድ ሰው ነው። አማርኛ የሚችል ጎረቤት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ድረስ አብሮ ቢሄድ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ሕጉን በጥቂቱ ማወቅ ይረዳል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ እንዲማር፣ እንዲሠራ፣ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት፣ ልደትና ጋብቻ እንዲያስመዘግብ መንገድ ከፍቷል። መታወቂያውንና የሥራ ፈቃዱን ጉዳይ የሚይዘው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ነው። ሰው መቅጠር ካሰባችሁ በመጀመሪያ ፈቃዱን እዚያ አጣሩ።

ኪራይ ላይ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ደላላው “በቃል ይበቃል፣ የስድስት ወር አምጡ” ሲል አጠገባቸው ቁሙና አዋጁን ጥቀሱለት። “ኪራይ ያስወደዱብን እነሱ ናቸው” የሚለውን ወሬ እኔም ሰምቻለሁ። ዋጋውን የሚቆርጡት ግን አከራዩና ደላላው ናቸው፤ ስደተኛው ከፋይ ነው።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት የስደተኛ ልጅ እንደ ዜጋ ልጅ ይታያል። እኛ ዳር ያለነው የምናውቀው አንድ ጉዳይ ግን አለ፦ አንዳንዱ ሰፈር ላይ መንገዱን ከተሻገሩ የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ነው፣ የማስተማሪያ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል። ወላጆቹ ይህን ሳያውቁ እንዳያስመዘግቡ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ፊደል ማስቆጠሩን ለልጆቻችሁ ተዉት፤ ኳስ ሲጫወቱ ከኛ በፊት ይግባባሉ።

3. እድር አስገቧቸው

በኔ እምነት ዋናው ይሄ ነው። እድር የገባ ሰው እንግዳ መሆኑ ያበቃል። ወንበር ይሸከማል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሲቀር ይቀጣል።

ስብሰባ ላይ ግን ሁለት ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አንደኛው መታወቂያ ነው፤ ደንቡ “የወረዳው ነዋሪ መታወቂያ” ይላል። በጠቅላላ ጉባኤ “ወይም የስደተኛ መታወቂያ” የሚል አንድ ሐረግ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። እናቱ ካርቱም ወይም አስመራ ብትሞት ማስረጃ ከየት ያመጣል? ሬሳ የለም፣ የቀብር ወረቀት የለም። መርዶው የሚመጣው በዋትሳፕ ነው። እዚህ ላይ ደንቡ ሁለት አባላት ከመሰከሩ ይበቃል ቢል ደህና መፍትሔ ነው። ገንዘቡ አነስ ቢል እንኳ ድንኳኑ ይተከል፣ ንፍሮው ይቀቀል። አገሩ ገብቶ እናቱን መቅበር ላልቻለ ሰው፣ ሰው የሞላው ድንኳን ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ አይነገርም።

መግቢያው ከከበዳቸው በየወሩ ከፍለው እንዲጨርሱ አድርጉ። በነፃ ግን አታስገቡ። ከፍሎ የገባ ሰው አፉን ሞልቶ ይናገራል።

4. አሁን ድግሱን አስቡ

የዓለም የስደተኞች ቀን ሰኔ 13 ነው። ቀኑ ጥሩ ነው፣ ወቅቱ ግን ክረምት መግቢያ ነው፤ የኛን ሰፈር ጭቃ ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜም የሐዋርያት ጾም ላይ ይውላል። ጥቅምት ውስጥ ያለ እሑድ ይሻላል።

ቦታው ኮሚናል፣ ማለትም የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት፣ ይሁን፤ ከኮሚቴው አስፈቅዱ፣ ለወረዳው ሰላምና ጸጥታም ደብዳቤ አስገቡ። ምግብ ላይ ምክሬ አጭር ነው፦ ሥጋ ይቅር። የክርስቲያን፣ የሙስሊም ሲባል ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ በመጨረሻም ሁለት ጠረጴዛ ይሆናል። በጾም ምግብ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ሽሮ፣ ምስር፣ በአትክልት የተሠራ የሶማሌ ሩዝ፣ ከጎኑ ሙዝ። ሱዳኖች ፉሉ ላይ የሰሊጥ ዘይት ያፍስሱበት፤ ቁርስ ቤት የምናውቀው ፉል ሌላ ጣዕም ያወጣል።

ሙዚቃውን ለነሱም ስጡ፤ ብሉቱዙን አንድ ሰው ብቻ አይያዘው። አዲስ አበባ እንደሆነች ከስደተኛ ዜማ መቀበል አዲሷ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው “አርባ ልጆች” የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ የሆኑት እነሱ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሰውም መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው።

ፎቶ ላይ ጥብቅ ሁኑ። አንዳንዱ ሰው የሸሸው የሚፈልገው አካል ስላለ ነው፣ ቤተሰቡም እዚያው ቀርቶ ይሆናል። ሳይፈቅድ ቲክቶክ ላይ አይውጣ። ይህን መግቢያው ላይ በአማርኛ፣ በትግርኛና በዓረብኛ ጽፋችሁ ለጥፉ። ለከርሞው ድግስ አስተባባሪ ሲመረጥ ደግሞ ቢያንስ ግማሹ ከነሱ ወገን ይሁን፤ ደረሰኙንና የወንበር ቆጠራውንም እነሱ ይያዙት።