ከተከፈተ በኋላ የሚበከል መድኃኒት፦ ለአዳማ ፋርማሲዎች፣ ክሊኒኮችና ቤቶች

መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥም ሊበከል ይችላል። በእጃችን ያለው ግን ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ የሚገባውን ጀርም መከላከል ነው፤ በር ከፋቹም አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ነው። አዳማ ላይ ሙቀቱ ጀርም ያራባል፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይሞቃል፣ ውኃው ደግሞ ሮቶና ጀሪካን ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ እዚህ ጥንቃቄው ከብርዳማ ከተማ ይበልጣል።

ዓይንን አትመኑ። በ1 ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ውኃ ላለበት የሚጠጣ መድኃኒት የተለመደው ዓለም አቀፍ ገደብ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ባክቴሪያ እና 10 ሻጋታና እርሾ ነው፤ የሰገራ ብክለት ምልክት የሆነው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ጭራሽ መገኘት የለበትም። የመርፌና የዓይን መድኃኒት ደግሞ ከማንኛውም ተህዋስ የጸዳ መሆን አለበት።

የሕፃናት አንቲባዮቲክ ሲበጠበጥ

ውኃውን አፍልታችሁ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይንተክተክ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ስለሚበልጥ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቢሆንም ተቅማጥ አምጪዎቹን ለመግደል ይህ ይበቃል። ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም ጠንካራ ቅርፊት) የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን ግን አይገድልም። ስለዚህ የፈላ ውኃ ለሚጠጣ እንጂ ለመርፌ ወይም ለዓይን መድኃኒት አይሆንም።

ውኃው በዚያው ዕቃ እንደተከደነ ይብረድ። ካፈላችሁት በኋላ ወደ ጆግ ወይም ወደ ጀሪካን ከገለበጣችሁት ድካማችሁ ከንቱ ነው። ሙቅ ውኃም አትጨምሩ፤ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ዱቄቱ እንዲላላ ብልቃጡን መታ መታ አድርጉ፤ መጀመሪያ ግማሽ ያህል ውኃ ጨምሩና በደንብ በጥብጡ። አረፋው እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ሙሉ። አረፋው ሳይወርድ የሚሞላ ሰው መስመሩ ላይ የደረሰ ይመስለዋል፤ ውኃው ግን ያንሳል፣ መድኃኒቱም ከታዘዘው በላይ ይወፍራል።

የተበጠበጠበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት የሚቆየው ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፤ መለያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። መለያው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ የሚል ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ በሩ ላይ ሳይሆን መሐል መደርደሪያ ላይ፣ ከበረዶ ቤቱ ራቅ ብሎ። ልጁ ከብልቃጡ አፍ አይጠጣ። መለኪያ ማንኪያውም ታጥቦ ሳይደርቅ ወደ ብልቃጡ አይመለስ።

ክሊኒክ ውስጥ

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ልማዶች በጣም ያሳስባሉ። አንደኛው አልኮል የተነከረ ጥጥ በሳህን ሞልቶ ቀኑን ሙሉ መጠቀም ነው። አልኮሉ ይተናል፣ ብዙ እጅ ይገባበታል። ጥጡን ደረቁን አስቀምጡና በምትፈልጉት ሰዓት በ70 በመቶ አልኮል አርጥቡት። ሁለተኛው ሳቭሎን የተባለው ፀረ ጀርም ተበርዞ ከቆየ በኋላ ሲጎድል በላዩ ላይ መጨመር ነው። ሱዶሞናስና ቡርክሆልደሪያ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በደከመ ፀረ ጀርም ውስጥ በሕይወት ይቆያሉ፣ ይራባሉም። በዚህ ፈሳሽ የታጠበ ቁስል ሊመረዝ ይችላል። የቀረውን ድፉ፣ ብልቃጡን አጥባችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በርዙ።

ብዙ ጊዜ የሚቀዳበት ቫያል (ጎማ ክዳን ያለው የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ) ላይ ለእያንዳንዱ ቅጂ አዲስ መርፌና አዲስ ሲሪንጅ ያስፈልጋል። ጎማውን በአልኮል ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ እያለ መውጋት ጥረጋውን ዋጋ ያሳጣዋል። መርፌ ጎማው ላይ ተሰክቶ አይደር። የተከፈተበት ቀን ይጻፍ፤ መለያው ሌላ ካላለ በ28 ቀን ይወገዳል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራው ግን ቢተርፍም ለሌላ ሕመምተኛ አይቀመጥም፤ ጀርም የሚገታ ማቆያ የለውም።

የዓይን ጠብታ

እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሱዶሞናስ የገባበት ሰው ሠራሽ እንባ የዓይን ብርሃንም ሕይወትም አሳጥቷል። ይህ ባክቴሪያ የዓይንን ጥቁር ክፍል የሚሸፍነውን ብሌን በአንድ ሁለት ቀን ሊያቆስል ይችላል። የጠብታው ብልቃጥ ጫፍ ሽፋሽፍትም ጣትም አይንካ፤ ሲነካ ጀርሙ ከነጠብታው ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመካከል 5 ደቂቃ ጠብቁ። ለቤተሰብ አይዋስም፤ ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ ፈሳሹ ቢተርፍም ይጣላል።

እንክብል

ደረቅ ስለሆነ ጀርም ብዙም አይራባበትም፤ የገባው ግን ሊቆይበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስዊድን ውስጥ ሳልሞኔላ የገባበት የታይሮይድ እንክብል ከ200 በላይ ሰዎችን አሟል። ፋርማሲ ላይ በባዶ እጅ አይቆጠር፤ ሰሌዳና ማንኪያ ይኑር፣ ሰሌዳውም በየመሐሉ ይጠረግ።

ሽታው የተለወጠ፣ ጋዝ የቋጠረ፣ ሻጋታ ያወጣ ወይም ክር የመሰለ ነገር የሚንሳፈፍበት መድኃኒት ካገኛችሁ መስጠት አቁሙ፤ ግን አትድፉት። ከነብልቃጡ አሽጋችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ የባች ቁጥሩን (አብሮ የተመረተውን መድኃኒት የሚለይ ቁጥር) እና የተከፈተበትን ቀን መዝግቡ፣ ከዚያ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 አሳውቁ። ያው ባች ሌላ መደርደሪያ ላይም ሊኖር ይችላል።