ወንጌልን ለጎረቤት ከመናገር በፊት

ጅማ ውስጥ ወንጌልን ለጎረቤቱ ለማካፈል የሚያስብ ክርስቲያን፣ ብዙ ጥቅስ ከመሸምደድ ይልቅ ክርስቶስ በራሱ ሕይወት ያደረገውን በሦስት ደቂቃ መናገር እንዲችል አስቀድሞ ቢለማመድ፣ ጎረቤቱ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነም በዚያው ቋንቋ ቢያዘጋጀው መልካም ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስተር ጋኖ ጋር በትርጉም የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለታተመ፣ ቃል ፍለጋ ብዙ አያስቸግርም። የተሻለው ሰዓት የቡና ሰዓት ይመስለኛል፤ ከአቦል እስከ በረካ ለመደማመጥ በቂ ጊዜ አለና። ሆኖም 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 መልሱ በየዋህነት እንዲሆን ስለሚያዝዝ፣ በተለይ ጎረቤቱ ሙስሊም ከሆነ፣ እምነቱን ሳይነቅፉ አስቀድሞ ማዳመጥና ፈቃዱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃደኛ ካልሆነ ጨዋታውን ወደ ሌላ ጉዳይ መልሶ ቡናውን አብሮ መጠጣት ነው።