የአልኬሚስቶችን ስውር ጽሑፍ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የአልኬሚ፣ ማለትም ተራ ብረቶችን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ይጥር የነበረው የጥንት ጥበብ፣ መጽሐፍ የከፈተ ሰው ንጉሥ የሚውጥ ተኩላ ሲያጋጥመው ብዙ ጊዜ «ተረት ነው» ብሎ ይከድነዋል። ያ ገጽ ግን የሥራ መመሪያ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ባሲል ቫለንታይን በተባለ አልኬሚስት ስም እ.ኤ.አ. በ1599 የታተመው «ዐሥራ ሁለቱ ቁልፎች» በመጀመሪያው ቁልፍ ላይ፣ የንጉሡ ሥጋ ለግራጫ ተኩላ እንዲሰጥ፣ ተኩላውም በብርቱ እሳት እንዲቃጠልና ይኸው ሦስት ጊዜ እንዲፈጸም ያዝዛል።

በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ቦታ አንድ ቁስ ይተኩ። ንጉሡ ወርቅ ነው። ተኩላው «የሳተርን ልጅ» ተብሏል፤ አልኬሚስቶች እያንዳንዱን ብረት ከአንድ ፕላኔት ጋር ያዛምዱ ስለ ነበርና ሳተርን የእርሳስ ፕላኔት ስለ ነበር፣ የእርሳስ ዘመድ የሆነና ሌሎች ብረቶችን የሚበላ ግራጫ ነገር መፈለግ ይገባል። እርሱም አንቲሞኒ የተባለው ብረት መሰል ንጥረ ነገር ከድኝ ጋር የተዋሐደበት ስቲብናይት የተባለው ማዕድን ነው። ዐረቦች ዱቄቱን ለዓይን መኳያ ሲያደርጉት ኩሕል ይሉታል፤ የእኛ «ኩል» የዚሁ ስም ዘመድ ነው፤ «አልኮል» የሚለው ቃልም ከዚሁ ስም የመጣ ነው።

ቀጥሎ ምስሉ በኬሚስትሪ ይፈተን። ያልጠራ ወርቅ ከስቲብናይት ጋር ሲቀልጥ፣ በውስጡ ያሉት መዳብና ብር ከድኙ ጋር ተዋሕደው ከላይ ይንሳፈፋሉ፤ ወርቁ ደግሞ ከአንቲሞኒው ጋር ተቀላቅሎ ወደ ታች ይዘቅጣል። ይህ ቅልቅል በብርቱ እሳት ሲነድድ አንቲሞኒው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁም ጠርቶ ይቀራል። ስለዚህ ጸሐፊው የጻፈው በእጁ የሚያውቀውን ሥራ ነው። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ግን ፈተናው በወረቀት ላይ ብቻ ይሁን፤ በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞከር።

አሠራሩ አልሳካ ሲል ጸሐፊውን ውሸታም ለማለት አይቸኩሉ። የታሪክና የኬሚስትሪ ምሁሩ ላውረንስ ፕሪንሲፔ ከዚያው ጸሐፊ የተገኘውን የአንቲሞኒ ብርጭቆ (ከአንቲሞኒ ማዕድን የሚሠራ መስታወት መሰል ቁስ) አሠራር በንጹሕ ማዕድን ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትም ነበር። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ ማዕድን ሲጠቀም ግን ሠራ፤ ምክንያቱም በዚያ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ጥቂት ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ቁስ) ለሥራው አስፈላጊ ነበር። እኔ በዚህ ምሳሌ እጅግ እደነቃለሁ፤ የተሳሳተው መጽሐፉ ሳይሆን ቁሱ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የወለደውን ፍልስፍና ይጠይቁ። አርስቶትል ብረቶች በምድር ውስጥ ከሚወጡ ትነቶች እንደሚፈጠሩ አስተምሯል፤ በዐረብኛ ጸሐፊው አልኬሚስት በጃቢር ኢብን ሐያን ስም የተጻፉት መጻሕፍት ደግሞ ብረቶች ሁሉ ከባዜቃና ከድኝ የተሠሩ ናቸው ይላሉ። ይህን ለተቀበለ ሰው እርሳስን ወደ ወርቅ መለወጥ አስማት ሳይሆን ምድር በዝግታ የምትሠራውን ማፋጠን ነው።

በመጨረሻ ቁሱን እስከ ሕክምናው ድረስ ይከተሉት። ሐኪሙ ፓራሴልሰስ (እ.ኤ.አ. 1493–1541) በባዜቃና በድኝ ላይ ጨውን ጨምሮ የአልኬሚን ዓላማ ከወርቅ ይልቅ ወደ መድኃኒት አዞረ፤ እሳት መርዙን ከጥቅሙ ይለያል ብሎም አመነ። ተከታዮቹ ለሕሙማን የሰጡትን አንቲሞኒ የፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1566 አወገዘው፣ በ1666 ደግሞ ፈቀደው። ዛሬ በመተማና በሁመራ አካባቢ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፈው በካላ አዛር በሽታ ለሚታመሙ ሰዎች በመርፌ የሚሰጠው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በውስጡ የሚሠራው ያው አንቲሞኒ ነው፤ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችልም ሕሙማኑ በሐኪም ክትትል ሥር ሆነው ይወስዱታል።