ወግ አጥባቂዎችና አይን ራንድ፦ ክርክሩን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሩሲያ ተወላጅ የሆነችው አሜሪካዊት ደራሲና ፈላስፋ የአይን ራንድ ትልቁ ልብ ወለድ «አትላስ ሽረግድ» የታተመው በ1957 ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው የቀድሞው ኮሙኒስት ጸሐፊ ዊተከር ቼምበርስ የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ዋና መድረክ በነበረው ናሽናል ሪቪው መጽሔት ላይ ክፉኛ ተቸው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ትችት የቀሰቀሰው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ብዙ ሰው ግን የሚያውቀው ከየወገኑ ተቆርጠው የተወሰዱ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን ብቻ ነው። ይህ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የክርክሩ እምብርት የሰው ነፃነት በምን ላይ ይቆማል የሚለው ጥያቄ ነው።

ሁለቱን «ቀኞች» ብሎ አንድ ቤት ማስገባት

ሁለቱም ወገኖች ኮሙኒዝምን ይቃወማሉ፣ የግል ንብረትን ይደግፋሉ፣ የመንግሥት እጅ እንዲያጥር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጠቡ የዘመዳሞች ጠብ ይመስላል። ራንድ ግን በ1960 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ቆማ የወግ አጥባቂነትን መርዶ ተናገረች። በ1964 ለፕሌይቦይ መጽሔት በሰጠችው ቃለ ምልልስም ናሽናል ሪቪውን ካፒታሊዝምን ከሃይማኖት ጋር በማጣመሩ ምክንያት ከአሜሪካ መጽሔቶች ሁሉ አደገኛው ብላዋለች።

በፕሪንስተኑ ንግግር ወግ አጥባቂዎች ለካፒታሊዝም የሚያቀርቧቸውን ሦስት መከራከሪያዎች ለይታ መትታለች። አንደኛው የእምነት ነው፦ ነፃነት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆነ መሠረቱ በምክንያት አይረጋገጥም። ራንድ ይህን ያለ ሰው ምክንያታዊነትን ለተቃዋሚው አስረክቧል ትላለች። ሁለተኛው የወግ ነው፦ ከአባቶች የወረስነው ነውና እንጠብቀው። የእርሷ መልስ አሜሪካን የመሠረቱት ሰዎች ራሳቸው የቆየውን ሥርዓት የሰበሩ ናቸው የሚል ነው። ሦስተኛው የሰው ውድቀት ነው፦ ሰው በባሕርዩ ደካማ ስለሆነ ማንም በሌላው ላይ ፍጹም ሥልጣን አይሰጠው። ከሁሉ ያስቆጣት ይኸኛው ነው። እንዲህ ከሆነ ነፃነት ለእርኩሳን የተተወ፣ አምባገነንነት ደግሞ ለፍጹማን የሚገባ ሥርዓት ይሆናል ብላ ሞገተች።

እዚህ ላይ ቆሞ «አሸነፈቻቸው» ማለት ስህተት ነው። ወግ አጥባቂው አሳቢ ረስል ከርክ የ18ኛው ክፍለ ዘመኑን የብሪታንያ ፖለቲከኛ ኤድመንድ በርክን ተከትሎ በ1953 በጻፈው ትልቅ መጽሐፉ፣ የወግ ክብር የሚመጣው ከዕድሜው እንዳልሆነ አስቀድሞ አስረድቷል። ወግ ብዙ ትውልድ ሞክሮና አርሞ ያቆየው ዕውቀት ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሁሉን ከመሠረቱ ፈትሾ አይጨርስም። በእኛ ሚዛን ራንድ የመጀመሪያውን መከራከሪያ በትክክል ነክታዋለች፤ እምነቱን ለማይጋራ ሰው «በእምነት ተቀበል» ማለት ክርክሩን ማቋረጥ ነውና። ሁለተኛውን ግን እጅግ አቅልላዋለች።

ቼምበርስን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ

ከመጽሐፉ የትኛውም ገጽ ማለት ይቻላል «ወደ ጋዝ ክፍል!» የሚል ትእዛዝ ይሰማል ብሎ የጻፈው ቃል ሲጠቀስ ይኖራል። ቃል በቃል ከተወሰደ ልክ አይደለም። የመጽሐፉ ፖለቲካዊ መርሕ ማንም በሌላው ላይ ኃይል በመጠቀም ቀዳሚ አይሁን የሚል ነው፤ የጀግኖቹም ዋና መሣሪያ ሥራ ማቆም ነው። ቼምበርስ የራንድ ሐሳብ መጨረሻው የሊቃውንት አገዛዝ ነው ብሎም ሰግቷል። አድናቂዎቿ ለዚህ ጥሩ መልስ አላቸው፦ ስሙን ለመንግሥት ያዋሰው ሳይንቲስት ሮበርት ስታድለር በመጽሐፉ ውስጥ ክፉኛ ከተወገዙት አንዱ ነው። የልብ ወለዱ ዓለም ለልጆች አይሆንም ላለውም፣ የመጽሐፉ ጀግኖች ተደብቀው በሚኖሩበት ሸለቆ ሁለት ወንዶች ልጆቿን የምታሳድግ ወጣት እናት መኖሯን ያስታውሳሉ።

ይሁንና ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ማፍረስ ትችቱን ማፍረስ አይደለም። የቼምበርስ ዋና ነጥብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የራንድ ሰው እንደ ማርክስ ሰው ሁሉ እግዚአብሔር በሌለበት ዓለም መካከል ቆሟል። ሁለተኛ፣ የመጽሐፉ ድምፅ ተቃዋሚ በቅንነት ሊሳሳት ይችላል ብሎ አያስብም፤ ያልተስማማ ሁሉ ክፉ ነው።

ሁለተኛውን ነጥብ ለመመዘን የልብ ወለዱን የባቡር ዋሻ ምዕራፍ ማንበብ ግድ ነው። የባቡሩ የናፍጣ ሞተር ይሰበራል። አንድ ፖለቲከኛ መዘግየት አልፈልግም ስላለ፣ በከሰል የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ተቀጥሎ አየር ወደማይበቃው ረጅም ዋሻ ይገባል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ያልቃል። ከዚያ በፊት ግን ደራሲዋ ፉርጎ ለፉርጎ እየሄደች የተሳፋሪዎቹን አስተሳሰብ ትዘረዝራለች፤ ከነሱ አንዷ ሁለት ልጆቿን ያስተኛች፣ የባለሥልጣን ሚስት የሆነች እናት ናት። አድናቂዎቹ አደጋውን ያመጣው የባለሥልጣናቱ ትእዛዝ ነው፤ ምዕራፉ የሚያሳየው የተሳሳተ ሐሳብ መዘዝ እንዳለው ነው፤ የማንንም ሞት አይመኝም ይላሉ። መልሱ የአደጋውን ምክንያት በደንብ ያስረዳል። የትረካው ድምፅ ለምን ያን ያህል ርኅራኄ እንደጎደለው ግን አያስረዳም፤ የእንቅልፍ ላይ ሕፃናቱም ምንም አስተሳሰብ አልነበራቸውም። ራንድን የሚወድ ሰው ይህን ምዕራፍ መዝለል የለበትም።

በተቃራኒው ቼምበርስን «የቀድሞ የሶቪየት ሰላይ ነው» ብሎ ማባረርም አይጠቅምም። እሱ የኮሙኒስቱን የምስጢር ሥራ በ1938 ጥሎ ወጥቷል። በ1952 ባሳተመው ግለ ታሪኩም የዘመኑ ምርጫ በእግዚአብሔርና ራሱን አምላክ ባደረገ ሰው መካከል ነው ብሎ ደምድሟል። የ1957ቱ ትችት ከዚህ ድምዳሜ የፈለቀ እንጂ የድንገተኛ ቁጣ ውጤት አይደለም።

«ራስ ወዳድ» የሚለውን ቃል እንደሰሙ መፍረድ

በአማርኛ ስናነብ ትልቁ እንቅፋት ይህ ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ላደገ ሰው፣ ራስ ወዳድነትን ምግባር ብላ የጠራች ጸሐፊ ገና ከርዕሱ ትሸነፋለች። በእንግሊዝኛም ቃሉ ስድብ ነው፤ እርሷም አውቃ ነው የመረጠችው። ትርጉሙን ግን ለይታ ሰጥታለች፦ ለራስ ጥቅም ማሰብ፣ ያውም በምክንያት የተመዘነና የሌላውን መብት የማይነካ ጥቅም።

የምትቃወመውንም «ደግነት» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። የምትቃወመው የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የኦጉስት ኮምትን አስተምህሮ፣ ማለትም የሰው ሕይወት ዋጋ የሚያገኘው ለሌላው በመኖሩ ነው የሚለውን ነው። ስለ አደጋ ጊዜ ሥነ ምግባር በ1963 በጻፈችው ድርሰት፣ በራስ ላይ ያለው አደጋ አነስተኛ ከሆነ የማያውቁትን ሰው ከመስጠም ማዳን ተገቢ ነው ትላለች። መሥዋዕትነት የምትለው ትልቁን ዋጋ ለትንሹ መስጠትን ነው፤ ስለዚህ ሚስቱን ለማሳከም ሀብቱን የጨረሰ ባል በእርሷ አቆጣጠር ምንም አልሠዋም።

የወግ አጥባቂው ጠንካራ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ባልም፣ ወታደርም፣ ሰማዕትም ሁሉም የወደደውን ስላደረገ ራስ ወዳድ ከተባለ፣ ቃሉ ማንን ከማን ይለያል? ደግሞስ ሳንመርጣቸው ያገኘናቸው ግዴታዎች የት ይገባሉ? አድናቂዎቹ ወላጅ ልጁን ለመውለድ ስለመረጠ ኃላፊነት አለበት ይላሉ፤ ይህ ያስኬዳል። ልጅ ግን ወላጁን አልመረጠም፤ ያረጀ አባቱን የመጦር ግዴታው ከየት ይመጣል? ከፍቅርና ከምስጋና እንጂ ከግዴታ አይመጣም የሚለው መልሳቸው ከመርሐቸው ጋር ይስማማል። ወግ አጥባቂው ደግሞ ምስጋና ራሱ ዕዳ ነው ይላል። እዚህ ጋ የቃል አለመግባባት የለም፤ በእውነት ተለያይተዋል።

ኦብጀክቲቪዝምን «ነባራዊነት» ማለት

ኦብጀክቲቪዝም ራንድ ለፍልስፍናዋ የሰጠችው ስም ነው። «ነባራዊና ኅሊናዊ ሁኔታ» ግን የአብዮቱ ዘመን የማርክሲስት አማርኛ ነው። ቦልሼቪኮች የአባቷን መድኃኒት ቤት የወረሱባትን ሴት በዚያ ቃል መጥራት አንባቢን ወደ ተቃራኒው ሰፈር ይወስዳል። ከዚያም በላይ ቃሉ አይበቃትም፤ ለእርሷ ዕውቀትና ዋጋም በእውነታውና በሰው አእምሮ ግንኙነት የሚመዘኑ ናቸው። ስሙን እንዳለ መያዝ ይሻላል።

የሃይማኖቱን ክርክር «አማኝና ኢአማኒ» ብሎ መዝጋት

ወግ አጥባቂው ጋዜጠኛ ስታንተን ኢቫንስ በ1967 በናሽናል ሪቪው የጻፈው ከቼምበርስ ይልቅ ለራንድ ፍትሐዊ ነው። የገበያ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ በሚገባ ታውቃለች ብሎ ይመሰክርላታል። የኢቫንስ ክርክር ታሪካዊ ነው፦ ነፃነትን ያፈራው የክርስትና ባህል ነው፤ ሥሩን ቆርጦ ፍሬውን ማቆየት አይቻልም። ይህን «እግዚአብሔር የለም» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። ትክክለኛው መልስ አድናቂዎቹም የሚሰጡት ነው፦ ክርስትና ከሺህ ዓመት በላይ አውሮፓን ሲመራ ያ ነፃነት አልመጣም፤ የመጣው የአርስቶትል ፍልስፍና በመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሊቅ በቶማስ አኩዊናስ በኩል ከተመለሰ በኋላ ነው ይላሉ። አኩዊናስን ራንድም ታከብረው ነበር።

ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት

የናሽናል ሪቪው ጸሐፊ ፍራንክ ማየር ነፃነትንና ወግን ለማስታረቅ የደከመ ሰው ስለሆነ የከርክን ሐሳብ በእሱ አፍ ማድረግ አይገባም። ፈላስፋው ሮበርት ኖዚክ በ1971 የራንድን ክርክር ደረጃ በደረጃ ቢፈትሽም ወግ አጥባቂ አልነበረም፤ ዳግላስ ደን ዩልና ዳግላስ ራስሙሰን በ1978 የመለሱለት በፍልስፍና መጽሔት ነው። በአድናቂዎቹም በኩል በ1989 ሁለቱ ፈላስፎች ሊናርድ ፒኮፍና ዴቪድ ኬሊ ተለያይተዋል። ፒኮፍ ፍልስፍናው የተዘጋና የተሟላ ነው ሲል፣ ኬሊ ለማሻሻል ክፍት ነው አለ። «ኦብጀክቲቪስቶች እንዲህ ይላሉ» ከማለት በፊት የትኞቹ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ፖለቲከኛን ማስረጃ ማድረግ

አሜሪካዊው የሪፐብሊካን ፖለቲከኛ ፖል ራያን በ2005 ራንድን አመስግኖ ተናገረ፤ በ2012 ፍልስፍናዋን እንደማይቀበልና አኩዊናስን እንደሚመርጥ አስታወቀ። ራንድም በበኩሏ በ1976 ሮናልድ ሬገንን አልደገፈችም፤ ከምክንያቶቿ አንዱ ፅንስ የማቋረጥ መብትን መቃወሙ ነበር። ስለዚህ የፖለቲከኛ ስም ለየትኛውም ወገን ማስረጃ አይሆንም።